የሚሚ ግንባር

እማዬ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል «የሚሚ ግንባር ምነው እንዲህ ሰፋ፣ እንደ አባቷ ራሰ በራ ልታደርጊያት ነው እንዴ» ብለሽ ስታስቂን እኔም አብሬ ስቄ ነበር፣ ስልኩን ስዘጋው ግን መስኮት ጋ ወስጄ አየኋት፣ እውነትሽን ነው፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ያለው ጸጉር ሳስቶ ቆዳው ይታያል። በየቀኑ እያየኋት እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ለስራ የምወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ማበጠሪያ ጊዜ የለኝም ብዬ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ሴትዮ ጋ እወስዳታለሁ፣ እሷም በአርቴፊሻል ጸጉር ቀጥላ ቅጥን አድርጋ ጥብቅ አድርጋ ትሰራታለች፣ ከዛ ሁለት ወር ሀሳብ የለብኝም። ሚሚ የዛኑ ቀን ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ስታለቅስ «ሹሩባ እኮ ትንሽ ያማል» እላታለሁ፣ አፌን በቆረጠው! ግንባሯ ዳር ዳሩን ብጉር የሚመስል ነገር ሲወጣባት እንኳን ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐኪሟ ግን ሹሩባው አይደለም የጎዳት፣ ጥብቀቱና የተቀጠለው ጸጉር ክብደቱ ነው አለችኝ። ሁሌ የሚጎተት ጸጉር ከስሩ ይለቃል፣ ቶሎ ከተተወ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ስሩ ይሞትና ተመልሶ አይበቅልም። የኔንም ግንባር ዓይታ ዝም አለች፣ ገብቶኛል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ካስክና ካውያ፣ እዚህ ደግሞ ዊግ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው ነኝ የምሰራት። ዓርብ ለሊት ቅቤ ተቀብታ ታድራለች (ቅዳሜ ጠዋት ሙልጭ አድርጌ አጥባታለሁ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ሸተትሽ እንዳይሏት)፣ ከዛ ጸጉሯ እርጥብ እያለ ኮንዲሽነር ቀብቼ ከጫፉ ጀምሬ ወደ ስሩ አፍታታለሁ፣ ወፈር ወፈር ያለ ስምንት ሹሩባ ብቻ፣ የግንባሯን ዳር ያለችውን ለስላሳ ጸጉር አልነካትም። ክረምት እዚህ ማሞቂያው ቤቱን ስለሚያደርቀው ጸጉሯ እንደ ጭድ ነበር የሚሰባበረው፣ ተጎንጉኖ ሲቀመጥ ግን ቀንሷል፣ ስትተኛ ደግሞ የሳቲን ሻሽ አስርላታለሁ። አንቺ ጎረቤቶችን «ዓይኗ እስኪገተር አትሳቡት» ስትያቸው ትዝ ይለኛል፣ እኔ ግን ጉልበትሽ መሀል ቁጭ ብዬ ቀና በይ በተባልኩ ቁጥር ዋናው ሀሳቤ ማምለጥ ነበር፣ ያንቺ ልጅ ልጅ ደሞ ገና ሶስተኛው ላይ ስደርስ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

እኔም ዊጉን ጥዬ ሹሩባ ተሰርቼ ስራ ቦታዬ ሄድኩ። እዚህ ያለንበት ሜሪላንድ በፈረንጅ 2020 በወጣ ህግ በሹሩባና በጎፈሬ የተነሳ ሰራተኛ ላይ አድልዎ ማድረግ ተከልክሏል፣ ክራውን አክት ይሉታል፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የፈራሁት ማለት ነው።

ለእህቴ ንገሪያት፣ ለሰርጓ ሹሩባ ከተሰራች ግንባሯ ጋ ላላ ያድርጉላት፣ እያመማት ለፎቶ ብላ እንዳትችል። ለሚሚ የእንጨት ሚዶ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ፣ የዚህ ፕላስቲክ ጥርሱ ይረግፋል።

አንድ ነገር ግን አልቻልኩም፣ አናቷን ቀጥ አድርጌ መክፈል፣ ሁሌ ወደ ግራ ይሄድብኛል። እሁድ ስደውል ስልኩን ለእህቴ ስጫትና እጅሽን አሳይኝ፣ ባለፈው አንቺ ይዘሽው ጣሪያውን ብቻ ነው ያየሁት።

ልጅሽ