ከ10 እስከ 1 ሰዓት፦ ከአዘዞ ማዶ ላለው የጎልፍ ሜዳችን የድጋፍ ጥሪ

በአገር ቤትም በባሕር ማዶም ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

የምጽፈው ገንዘብ ለመጠየቅ ስለሆነ አስቀድሜ የራሴን የገንዘብ ታሪክ ልናገር። ከ7 ዓመት በፊት የሰፈራችን እድር ገንዘብ ሰብሳቢ ነበርሁ። አንድ እሑድ የሰበሰብሁትን 1,340 ብር እስከ ማክሰኞ ማታ አረቄ ጠጥቼበት ጨረስሁት። ሂሳቡን ስጠየቅ "እገሌ አልከፈለም፣ እገሊት ለቅሶ ሄዳለች" እያልሁ ወር ሙሉ ተሽሎከለክሁ። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ከራሳቸው ኪስ ተክተው ዝም አሉ፤ እስከ ዛሬም አንስተውብኝ አያውቁም። ይህን የማወራው ለዚህ ጥሪ በተከፈተው ሂሳብ ላይ ስሜ ለምን እንደሌለ እንድታውቁ ነው። ፈራሚዎቹ እኒያው የእድር ዳኛ፣ አንዲት ነርስና ወንድሙን በአረቄ የቀበረ አንድ መምህር ናቸው። እኔ እንዳልፈርም የለመንሁት ራሴ ነኝ።

እኛ 19 ነን። ከአረቄ የወጣነው እንበዛለን፤ ከጫት የወጡ አሉ፤ ሁለቱን ሲያፈራርቁ የኖሩ ወጣቶችም አሉ። ማኅበራችን ገና ስም አልወጣለትም።

ቤታችሁ ውስጥ ሱስ የያዘው ሰው ያለባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀኑ እንደምንም ያልፋል። ክፉዋ ሰዓት ከ10 እስከ 1 ያለችው ናት። ሥራ ያበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለው ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ፍለጋ ይወጣል፤ አረቄ ቤቱም መሙላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ውል ይልሃል። ሐኪሞች እንደነገሩን ይህ አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይከመራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይበርዳል። ግን ያቺን ግማሽ ሰዓት የት ሆነህ፣ ከማን ጋር፣ በእጅህ ምን ይዘህ ታሳልፋታለህ? ቤት እንዳትቀመጥ ብቻህን ነህ። ፒያሳ እንዳትወጣ ጋባዥ አይጠፋም። የጎንደር ሰው ደግሞ ለጋስ ነው፤ "አንዲት መለኪያ ብቻ፣ በሞቴ" የሚልህ ወዳጅህ እንጂ ጠላትህ አይደለም። ችግሩም ይኸው ነው።

ጎልፍ የመጣልን በአጋጣሚ ነው። ለዘመድ ሠርግ ከውጭ የመጣ የሰፈራችን ልጅ ሦስት ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶልን ሄደ። እሱም በሰው አገር መጠጥ ካቆመ በኋላ እግሩን ከመጠጥ ቤት ያራቀለት ይህ ጨዋታ እንደሆነ አጫወተን። እውነቱን ለመናገር ሳቅንበት። ጎልፍ ለእኛ በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ባለ ነጭ ቆብ ሀብታሞች በሣር ላይ የሚንሸራሸሩበት ነገር ነበር። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲመታ ግን ሁላችንም አወቅነው፤ ገና ነው! ታኅሣሥ 29 በመጣ ቁጥር ሩር ስናሳድድ ያደግን ሰዎች የዱላ አያያዝ ማን ያስተምረናል? በሳምንቱ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩንና "ልጆቼ፣ ምን ያስቸኩላችኋል? ገና እኮ ገና ነው!" አሉን። ወሩ ግንቦት ነበር።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ በገና ሌላውን ሰው ታሳድዳለህ፣ ትጋፋለህ፤ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለውም ለዚያ ነው፤ ቅልጥም የሚሰበርበት ጨዋታ ነው። በጎልፍ ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች። የ22 ዓመት ልጅና የ58 ዓመት አባት እኩል ይጫወታሉ። እግር ኳስንም ሞክረነው ነበር፤ ጉልበታችን አልቻለም፣ ከጨዋታው በኋላም "አሸናፊ ይጋብዝ" ይመጣል።

ሜዳው ከአዘዞ ወዲያ አንድ አባት የሚያርሱት ማሳ ነው። እህሉ ከተነሣ በኋላ፣ ከጥር እስከ ግንቦት በነፃ ይለቁልናል። ጎልፍ በሕጉ 18 ጉድጓድ አለው፤ እኛ ሦስት ቆፍረን አራት ጊዜ እንዞራቸዋለን። የጉድጓዱ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፤ እኛ የዱቄት ወተት ጣሳ ስለቀበርንበት ትንሽ ይጠባል። አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቀድለታል፤ እኛ ለ19 ሰው 5 ዱላ አለን። ሣር የለንም፣ ገለባ ነው። ይህ ግን የእኛ ብቻ ነውር አይደለም፤ ውኃ በሚያጥርባቸው አገሮች በጉድጓዱ ዙሪያ በሣር ፈንታ አሸዋ ደልድለው የሚጫወቱ አሉ። እዚያ አሸዋው እንዳይቦን ዘይት ይረጩበታል። እኛ የሰው ማሳ ላይ ዘይት አናፈስም፤ ደረቅ አሸዋ ደልድለን ግንቦት ሲያልቅ በማዳበሪያ ከረጢት እናነሣዋለን። ከፍታችን ወደ 2,000 ሜትር ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷም ትርቃለች፤ የምትርቀው ደግሞ ወደ ባሕር ዛፉ ነው። እረኞቹ አንዷን በ5 ብር ይመልሱልናል። መጀመሪያ በነፃ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ኳሷን በትንሽ ምት ጉድጓድ የሚያስገባ ነው፤ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ግን አብሮህ አይዞርም። ስንት ጊዜ እንደመታህ የምታውቀው አንተ ነህ፣ የምትናገረውም አንተ ነህ። በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቦቢ ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ በአገሩ ትልቅ ውድድር ላይ ሊመታ ሲል ኳሷ ነቅነቅ ስትል አየ። ከእሱ በቀር ያየ አልነበረም። በራሱ ላይ አንድ ምት ቅጣት አስቆጠረ። መጨረሻ ላይ ከሌላ ተጫዋች ጋር እኩል ወጣና በመለያው ተሸነፈ፤ ያቺን አንዲት ምት ዝም ቢላት ዋንጫው የእሱ ነበር። ይህን ስሰማ 1,340 ብሩ ትዝ አለኝ።

ሱሰኛ ከመጠጣቱ ይልቅ የሚካነው መዋሸት ላይ ነው። "ስንት ጠጣህ?" ሲባል "ሁለት"፤ ሁልጊዜ ሁለት ነው። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ሜዳ ላይ ሰባት መትቼ "አምስት" አልሁ። የተከራከረኝ የለም። በነጋታው ሄጄ "የትናንቱ ሰባት ነበር" ስል ከጎኔ የነበረው ልጅ "የእኔም ስድስት አይደለም፣ ዘጠኝ ነው" አለ። ሳቃችን መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረግነው። ጨዋታ ሳንጀምር እያንዳንዳችን ከመጨረሻው መለኪያ ወዲህ ስንት ቀን እንደሆነን እንናገራለን፤ የወደቀ "ዜሮ" ይላል። 14 ወር ሳይጠጣ የቆየ ወንድማችን በመጋቢት "ዜሮ" ብሎ መጣ። ማንም አልመከረውም። ኳሷን አስቀመጡለት፣ ዱላውን አቀበሉት፣ መታ። ወደ ባሕር ዛፉ ሄደች።

ጎልፍ ሱስ ያድናል እያልሁ አይደለም። እንዲያውም ጨዋታው የራሱ ጣጣ አለው፤ በፈረንጅ አገር ከ18ኛው ጉድጓድ በኋላ ጎራ የሚሉበትን መጠጥ ቤት "19ኛው ጉድጓድ" ይሉታል። ክሪስ ከርክ የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ ተጫዋች በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአልኮልና በድብርት ምክንያት ከውድድር ወጥቶ ነበር። መጠጡን ትቶ ተመለሰ፤ ከ7 ዓመት በላይ ያለ ድል ከቆየ በኋላም በ2023 አሸነፈ። እንግዲህ እሱ መጀመሪያ ከጎልፉ ራቅ ማለት አስፈልጎታል። በእኛ ሜዳ 19ኛው ጉድጓድ ቡና ነው።

ከዱላው በፊት ደግሞ ሐኪም አለ፤ በዚህ ላይ አንደራደርም። እኔ ያቆምሁት በአጉል ጀግንነት ነው። ለ11 ዓመት በየቀኑ የጠጣሁትን አንድ ማለዳ "በቃኝ" አልሁ። በማግሥቱ ተንፈራግጬ ወደቅሁ፤ ቤተሰቤ ቡዳ ነው ብሎ ክብሪት አሸተተኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እንዲህ ያለው መንፈራገጥ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሊመጣ ይችላል፤ ቀጥሎም መቃዠትና ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። ሰው ይሞትበታል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ሕክምና አለው። ስለዚህ አዲስ የመጣ ሰው ሐኪም ሳያየው ሜዳ አይገባም፤ ነርሳችን ራሷ ይዛው ትሄዳለች። ጠበል የሚጠመቅም እየተጠመቀ ይመጣል፤ ከማንም ጋር አልተጣላንም።

"ሰው ዳቦ ባጣበት ጊዜ ጎልፍ?" ያሉን አሉ። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የእኔ ልጆች ግን ዳቦ ያጡት በድርቅ አልነበረም።

የሚያስፈልገንን ልንገራችሁ። ትልቁ ወጪ በመንገድ በኩል የምናቆመው አጥር ነው፤ አጣናውና ሸራው ከነሠራተኛው 96,000 ብር ተገምቷል። ለሜዳ አጥር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። አረቄ እያወጣች ልጆቿን ያሳደገች አንዲት እህት አለች፤ ለሽያጭ ስትቀምስ ስትቀምስ የለመደች። ሁለት ቀን መጣች፤ በሦስተኛው ቀረች። መንገድ ላይ የቆሙ ጎረምሶች በስሟ ጠርተው ስለሳቁባት ነው። ወንዱ ሰክሮ ሲወድቅ ደግፎ ቤቱ የሚያደርሰው ያገኛል፤ ሴቷ ግን ስሟ እንዳይጠፋ በሯን ዘግታ ትጠጣለች። እንደ እሷ ያሉ ስንት እንደሆኑ እናንተም በየሰፈራችሁ ትገምታላችሁ። አጥሩ ከቆመ ረቡዕና ዓርብ ለሴቶች ብቻ እንዲሆን ወስነናል፤ ቡናውን የምታፈላው ነርሷ ትሆናለች፣ እኛ ድርሽ አንልም።

ሌላው ክረምቱ ነው። ሰኔ ሲገባ ማሳው ይታረሳል፤ እኛም እስከ ጥር ሜዳ የለንም። ባለፈው ክረምት የወደቁብን ሦስቱም የወደቁት በዚሁ ጊዜ ነው። የእድሩ ግቢ ውስጥ ኳስ የሚይዝ መረብ ሰቅለን ዱላ ማወዛወዙን እንድንቀጥል ፈቃድ አግኝተናል፤ ለመረቡና ለማሰሪያው 35,000 ብር ያስፈልጋል። የአንድ መኪና አሸዋ 18,000፣ ለጥበቃ በወር 4,000 ብር ሂሳብ የዓመት 48,000፣ ለአዲስ ገቢዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የባጃጅ 25,000 ብር ነው። ባጃጁ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬ አምሽቶ በእግር መግባት እንደ ድሮው ስላልሆነ 1 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ቤቱ መግባት አለበት። ድምሩ 222,000 ብር ይሆናል። እኛ ከኪሳችን 31,500 አዋጥተናል፤ የቀረው 190,500 ነው።

በውጭ ላላችሁ፣ ጋራዣችሁ ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ዱላ ካለ እሱም ገንዘብ ነው። አሮጌ ይሁን፣ የዛገ ይሁን፣ ግድ የለንም። ብቻ ተራ ሻንጣ ውስጥ ይገባል ብላችሁ አትሞኙ፤ 7 ቁጥር የሚባለው የብረት ዱላ ብቻውን 94 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው የራሱን የጎልፍ ቦርሳ ይዞ ሲመጣ የሦስት ሰው ዱላ አብሮ ቢያመጣ ይሻላል። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ እባካችሁ የእናንተን አስቀድሙ፤ ከእኛ መካከል ሁለቱ ግራኞች ናቸው፣ እስከ ዛሬ ዱላውን ገልብጠው እየመቱ ነው። ኳስ የፈለገውን ያህል ይምጣ፤ እረኞቹ እየከበሩብን ነው።

ገንዘብ የምትሰጡ በየእድራችሁ ጸሐፊ በኩል ስጡ፤ ባለማኅተም ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ ለእኔማ ይልቁንም፣ አንድ ብር እንዳትሰጡ። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ በእድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። 10 ብርም ትጻፋለች።

አይተን እንስጥ ለምትሉ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ላይ ነን። ቡናው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይፈላል። የፈረንጅ ዱላ መያዝ የሚያፍር ካለ የገና ዱላውን ይዞ ይምጣ።