ከግንቡ ውስጥ ወይስ ከግንቡ ውጭ

ሐረር፣ ኅዳር 20

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰንብተሻል?

«ሰንብተሻል» ብዬ ስጽፍ ራሴም አፈርኩ። ሁለት ዓመት ተኩል መሰንበት አይባልም። እናትሽ ያረፉ ጊዜ በማግስቱ ነው የሰማሁት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ አርባቸው ሆነ። አርባው ካለፈ በኋላ ደግሞ በምን አፌ? ሰበብ አላጣሁም፣ ግን አልጽፍልሽም። ነፍሳቸውን ይማር። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በደብዳቤ «እግዜር ያጽናሽ» ሲል እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እግዜር ያጽናሽ።

አንቺ ሆነሽ ቀድመሽ ጻፍሽልኝ። ያውም አንድ ቃል ሳትወቅሺኝ። «ለቁልቢ እመጣለሁ። እማዬ የተሳለችውን ጃንጥላ ላደርስላት ነው። አክስቴም አብራኝ ናት። ሐረር የት ሰፈር ብናርፍ ይሻላል?» ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬን እያነሳሁ አየሁት። በመልእክት የሚመለስ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ቀኑን እንነጋገር። ታኅሣሥ 19 አካባቢ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ባዶ አልጋ አይገኝም። የተገኘውም ዋጋው ሌላ ነው። ከንግሡ በኋላ ሐረር ለመግባት አስበሽ ከሆነ ተይው፤ ተሳላሚው ሁሉ እንደዚያው አስቦ ነው የሚመጣው። በ15 ግቢ። በ18 ከዚሁ ተነስተን ወደ ቁልቢ እንሄዳለን። «እንሄዳለን» ማለቴን አይተሻል አይደል?

ድሬ አርፈው ሐረርን ለቀን ደርሰው የሚመለሱ አሉ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ካልያዘሽ በቀር አይርቅም። እኔ ግን አልመክርሽም። ሐረርን በቀን ያየ ሰው ግማሿን ነው ያየው።

ይህን የምልሽ እኛው ስለሠራነው ነው። ዓለማያ እያለን ቅዳሜ ከሰዓት መጥተን መናኸሪያው አጠገብ ያረፍንበት ሆቴል ትዝ ይልሻል? ሌሊቱን ሙሉ ከሥራችን ሙዚቃ ሲደልቅ አደረ። ጠዋት ቧንቧው ትፍ አለና ዝም አለ፤ በአንድ ጆግ ውሃ ሁለታችን ፊታችንን ታጠብን። ማታ በባጃጅ ሄደን ጅብ አየን፤ አንቺ ጮኽሽ፤ ፎቶ ተነሳን። እሑድ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌ ከተማ ውስጥ ዞረን «ሐረርን አየናት» ብለን ተመለስን። እኔ ከዚያ በኋላ ለሥራ ስመጣም ከግንቡ ውጭ፣ ሸንኮር ነው ቤት የተከራየሁት። ሰፊ አስፋልት፣ ሱቁ፣ ባንኩ፣ ሁሉ ነገር ደጅ ላይ። ጀጎል ለእንግዳ ማሳያ ስሄድ ብቻ የምገባበት ነበር።

ከዚያ አምና ቤቴ ሲታደስ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እኛ ጋ ነይ» አለችኝ። ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር ወረድ ብሎ፣ የቤተሰቧ ጌይ ጋር ነው። ጌይ ጋር የሚሉት የሐረሪዎቹን የከተማ ቤት ነው። ሁለት ሳምንት አደርኩ።

ጀጎል እኮ ሰፊ አይደለም፤ 48 ሄክታር ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ግንብ ዙሪያውን ብትሄጂ በአንድ ጠዋት ትጨርሺዋለሽ። ቀን ቀን የሁሉም ነው፤ የገበያተኛው፣ የቱሪስቱ፣ የኛ። ሲመሽ ግን ገበያተኛው በየበሩ ይወጣል። ማኪና ግርግር በሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጫቀጭ የዋለው የልብስ ስፌት መኪና ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ የምትሰሚው የራስሽን ኮቴ ነው። ከየግቢው ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ ይሰማል፤ አንዳንዴ አራቱም በአንድ ሰው አፍ።

አስጎብኚው ሁሉ 82 መስጊድ አለ እያለ ይነግርሻል። ልክ ነው፣ ዩኔስኮም የሚጠቅሰው ቁጥር ነው። ግን ቁጥሩ የገባኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። አንዱ አዛን ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ከሁሉም አቅጣጫ ይፈስሳል። እሑድ ከሆነ ደግሞ ከአደባባዩ፣ ከፈረስ መጋላ በኩል የመድኃኔዓለም ቅዳሴ ይጨመርበታል። እንቅልፍሽ እንደ ድሮው ቀላል ከሆነ ከወዲሁ እወቂው። ያስነሳሻል። እኔ በሦስተኛው ቀን ጠብቄ መንቃት ጀመርኩ።

ጅብ የሚመገብበት ትርዒት ከግንቡ ውጭ ስለሆነ የትም ብታርፊ አያመልጥሽም። የማወራሽ ስለ ሌላው ነው። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ገብተው የተጣለውን ለቃቅመው ይወጣሉ፤ ሰዉም ለምዷቸዋል። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነበር። አንድ ሌሊት ስመለስ ከግቢው በር ውጭ የጥፍር ኮቴ ሰማሁ፤ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም። በሩ ተቀርቅሯል። ቢሆንም ጉልበቴ ከዳኝ። ጠዋት ስናገር የባልደረባዬ እናት «እሱማ ጎረቤት ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ስለዚህ መልሴ፦ አንቺ ውስጥ ታርፊያለሽ። ቤታቸውን እንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። ክፍላቸው ጥቂት ነው፤ ቶሎ ይያዛል። ሳሎኑ አምስት መደብ አለው፣ ነደባ ይሉታል፤ ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። የወለሉ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ጨለንቆ ከቁልቢ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ጃንጥላውን ስናደርስ መንገዱን አሳይሻለሁ።

ውስጥም ቢሆን ግን የትም አይደለም። ከፈረስ መጋላ አምስት ደቂቃ በእግር ከራቀ ይበቃል። ባጃጅ እስከዚያ ያደርስሻል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙው መንገድ ለጎማ የተሠራ አይደለም። ጎማ ያለው ሻንጣ ይዘሽ እንዳትመጪ፣ ድንጋዩ ይጨርሰዋል። ወደ በሮቹ የሚወርደው ሰፈር ያምራል፣ ግን የወረድሽውን መልሰሽ መውጣት አለ። ሙዚየሞቹ አካባቢ፣ የሸሪፍ ሙዚየም ካለበት ሰፈር፣ ለኔ ጥሩው እሱ ነው። ገበያው ጥግ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ይረብሽሻል። ክፍል ስትይዢ ስለ ቁርስና ስለ ዋይፋይ ከመጠየቅሽ በፊት «ሮቶ አላችሁ?» በይ። ውሃ የሐረር የቆየ በሽታዋ ነው፤ ሮቶ የሌለው ቤት ምን ቢያምር አይረባሽም።

አክስትሽ ግን ውስጥ አያርፉም። ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ነደባ ላይ መውጣት፣ ሌሊት ግቢ አቋርጦ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ያ ድንጋይ ሁሉ፣ አይሆንም። ሆቴልም አላልኩሽም። እኔ ቤት ያርፋሉ። ደረጃ የለውም፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ሮቶም አለኝ። ቀን ቀን በባጃጅ ፈረስ መጋላ ድረስ እናመጣቸውና ቁጭ ብለው ሰው ያያሉ። ማታ ማታ ቡና አፈላላቸዋለሁ። ስለ እናትሽም ያወሩኛል፤ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ።

ባልደረባዬን ጠይቄአለሁ። ዘመዶቿ ከሸሪፍ ሙዚየም ጀርባ ሁለት ክፍል ያከራያሉ፤ አንዱን ከ15 እስከ 18 ያዝኩልሽ። ሌላ ቦታ ከመረጥሽ ቅር አይለኝም፣ እስከ ኅዳር 30 ብቻ አሳውቂኝ። ማታ ማታ ይበርዳል፣ እንደ ድሬ እንዳይመስልሽ፤ ጋቢ ያዢ።

ከድሬ ስትነሺ ሳይሆን ሐረር በር ስትደርሺ ደውይ፤ በእግር መጥቼ እቀበላችኋለሁ። ጃንጥላውን እኔ እይዘዋለሁ። ቁጥሬ አልተለወጠም፣ ያው የምታውቂው ነው።

ያንቺው