አጥንት የሌለው ዶሮና የፋሲካ ወጥ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ አባዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አጥንቱ የወጣለት ዶሮ ገዝተህ «በዚህ ዶሮ ወጥ ይሠራል ወይ?» ያልከኝን በስልክ ከማወራህ ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ነው። ይሠራል። አሠራሩ ግን ይለያል።

የእኛ ወጥ የተለካው በሀበሻ ዶሮ ነው። መሬት ስትጭር ያደገች ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ ቁሌት ውስጥ ረጅም ሰዓት ብትንተከተክም አትፈርስም። አጥንቷም ወጡን ያወፍረዋል። እዚያ ጀርመን ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ግን አብዛኛው በ5 ወይም በ6 ሳምንቱ የታረደ ነው። አጥንቱ ሲወጣለት ደግሞ በጣም ቶሎ ይበስላል። የደረቱን ሥጋ እንደ እኛ ቤት አንድ ሰዓት ብትጥደው ደርቆ እንደ ገመድ ይተለተላል።

ስለዚህ ለወጡ የጭኑን ሥጋ ግዛ። እሱም ያለ አጥንት ይሸጣል፤ ስብ ስላለው ይታገሣል። ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። ትልልቁ ቢጫ ሽንኩርት ውሃ ይበዛዋል፣ ይጣፍጣልም። ቀዩን ካጣህ ሻሎት የሚሉትን ትንሽ ሽንኩርት ቀላቅልበት።

ሽንኩርቱን አድቅቀህ ያለ ዘይትና ያለ ውሃ ጣደው። መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፣ ከዚያ ይመጥጣል፣ ከዚያ ከድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል። ያኔ ፍል ውሃ ጠብ እያደረግህ አማስል፤ ከአጠገቡ አትራቅ። ቡናማ ሲሆንና የጥሬ ሽንኩርት ሽታው ሲጠፋ ቅቤውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ከዚያ እስከ 8 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምር። በርበሬው ለብቻው ሌላ 40 ደቂቃ ይፈልጋል። ቅቤው ከዳር ከዳር ብቅ ሲል ቁሌቱ ደረሰ። ሥጋው ከገባ በኋላ በርበሬውን የምታበስልበት ጊዜ አይኖርህም፤ ጣጣው ሁሉ ከሥጋው በፊት ይለቅ።

የአጥንቱን ነገር ደግሞ እንዲህ አድርግ። አምስት ስድስት የዶሮ ክንፍ ገዝተህ በትንሽ ዝንጅብል ከአንድ ሰዓት በላይ ቀቅል። ቁሌቱ ላይ ጠብ የምታደርገው የዚህን መረቅ ይሁን። ወጡ ሲበርድ የሚረጋው በእሱ ነው።

ወደ ቅመሙ ስመጣ፣ የሕንድ ሱቅ ብዙ ነገር ያወጣሃል። ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ እርድ ሁሉም እዚያ አለ። ጊ የሚሉት የነጠረ ቅቤ ነው፤ ከቅመሙ ጋር በቀስታ አሙቀህ ብታጠልለው የእኛን ይጠጋል። ኮረሪማ ካጣህ ሄል ይሁን፣ ግን ጠረኑ ሌላ ስለሆነ ግማሹን ብቻ አድርግ። በሶብላን በደረቅ ባሲል ቁንጥር ተካው፤ ዘመዱ ነው። ኮሰረት ካጣህ ተወው፣ ምትክ አትፈልግለት። በርበሬን ግን በፓፕሪካ እተካለሁ አትበል! ቀለሙ ይመጣል፣ ወጡ ግን አይመጣም። የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ 1 ኪሎ ልኬልሃለሁ። መቅላት ያነሰው መስሎህ የቲማቲም ድልህም እንዳታገባ፤ ይኮመጥጣል።

ሥጋውን እንደለመድነው በሎሚና በጨው ማጠብህ አይቀርም። የእዚያው ቢጫ ሎሚ ከእኛው ለዘብ ይላል፣ ይበቃል። ቧንቧ ሥር ግን አትጠበው፤ ፍንጣሪው የጥሬ ዶሮ ጀርም ሳህንና ሰላጣ ላይ ይረጫል። ሳህን ውስጥ ዘፍዝፈህ ከ15 ደቂቃ በኋላ አውጣው። አጥንት የሌለው ሥጋ ሎሚ ላይ ከቆየ ይነጣና ይጠነክራል። ከዚያ በወረቀት አድርቀህ ቁሌቱ ውስጥ ክተተው። በቀስታ እሳት 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ቴርሞሜትር ካለህ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረሱን እይ። የተቀቀለውን እንቁላል በሹካ ወጋ ወጋ አድርገህ ከመከለሻው ጋር መጨረሻ ላይ ጨምር።

ቅዳሜ ጾም ስለሆንክ አትቀምሰውም። ለዚህ ልክ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሳይቆለል። ጊው ጨው የሌለው መሆኑን አስቀድመህ አረጋግጥ።

የገዛኸው የደረት ሥጋ አይጣል። ለማግስቱ ጥብስ አድርገው። የሥጋውን መስመር አቋርጠህ ከትፈህ፣ ድስቱ በደንብ ሲግል ጥቂት ጥቂት እያደረግህ ጥበስ፤ ከበዛ ይቀቀላል። የጥብስ ቅጠል እዚያ ሮዝማሪ ተብሎ በየሱቁ አለ። ለቃሪያ የቱርክ ሱቅ ሂድ፣ ቀጭኑን ረጅሙን አረንጓዴ ምረጥ። አዋዜውን በጠጅ ፋንታ ባልጣፈጠ ቀይ ወይን በጥብጠው።

ሽንኩርቱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስትጥድ ደውልልኝ። ማታ ቤተ ክርስቲያን ስለምሆን አላነሳም። አባትህ ሰላም ብሎሃል።

እናትህ