ጣራው ከወረደ ወዲህ፦ ለኅብረት አዳራሻችን የቀረበ ሦስተኛ የድጋፍ ጥሪ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

የኅብረት አዳራሻችን ጣራ መውደቁን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሌሊት ስለ ነበረ ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጥሪ አቅርበናል። የመጀመሪያው ሞቅ ብሎ ጀመረና በሦስተኛው ሳምንት ቀዘቀዘ። በሁለተኛው ብዙዎች የቃል መግቢያ ወረቀት ሞላችሁ፤ ከተሞላው ግን ከግማሽ የሚበልጠው እስከ ዛሬ አልገባም። ኑሮ እንደ ከበደ እናውቃለንና ማንንም አንወቅስም። ነገር ግን ግድግዳው ራሱን ገልጦ ዝናብ እየጠበቀ ነው፤ ዝም ብንል እስካሁን የሰጣችሁትም አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ መጣን።

በመጀመሪያ፣ ጣራው ለምን ወደቀ? ውኃ ጀመረው፣ የተቆረጠ እንጨት ጨረሰው። በጓሮ በኩል ያለው አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ነበር። ዝናቡ በቱቦው መውረዱን ትቶ ወደ ውስጥ እየተመለሰ፣ ግድግዳው ራስ ላይ የተጋደመውን እንጨት ሲያርስ ከረመ። ደርቆ የኖረ እንጨት ዘመን ይሻገራል። እየራሰ አየር ያጣ እንጨት ግን ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ምስጥም የሚመርጠው ይህንኑ ነው። አናጢዎች ካፕሪያታ የሚሏቸው የጣራው ተሸካሚዎች እግራቸው ያረፈው በዚህ በበሰበሰ እንጨት ላይ ነበር።

በዚህ ላይ ከመድረኩ በላይ ያሉት የሁለቱ ካፕሪያታዎች የታችኛው አግዳሚ ከዓመታት በፊት ተቆርጧል። መድረኩ ከፍ እንዲል ታስቦ በቅንነት የተደረገ ነው። የታችኛው አግዳሚ ኮርኒስ ለመሸከም ብቻ የተቀመጠ ይመስላል። ዋናው ሥራው ግን ሁለቱ ተዳፋት እንጨቶች እግራቸውን ከፍተው ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይገፉ አስሮ መያዝ ነው። እሱ ከሌለ ጣራው በራሱ ክብደት ግድግዳውን ይገፈትራል። በጎን ግድግዳው አናት ላይ የታየው ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነበር፤ ስንጥቁ በልስን ተሸፈነ፣ ምክንያቱ ግን ሳይነካ ቀረ። በየቤታችሁም እንዲህ ያለ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ በልስን ከመሸፈናችሁ በፊት ጣራ ላይ ሰው አውጡና አስመርምሩ።

አሁን ብዙዎች በትሕትና፣ አንዳንዶችም በቁጣ ወደ ጠየቃችሁን ጥያቄ እንምጣ፦ «የሰጠነው ገንዘብ የት ደረሰ? ጣራ ብለን አዋጥተን እንዴት ቦይ ተቆፈረ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ይህ ነው። የአዳራሹ ጣራ ከክፈፉ ጋር 12.8 ሜትር በ9.2 ሜትር ይሸፍናል፤ ወደ 118 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 20 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ ከባድ ዝናብ እንግዲህ ከ2,300 ሊትር በላይ ውኃ ከዚህ ጣራ ላይ ያወርዳል። ይህ ሁሉ ውኃ በግድግዳው ሥር እየተጠራቀመ መሠረቱን ሲያለሰልስ ኖሯል። በላላ መሠረት ላይ አዲስ ጣራ ብንጭን የሁለተኛው ውድቀት ቀን ብቻ ነበር የሚቀረው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ መሬት ገባ፦ ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ የውኃ መውረጃ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ጥገና፣ ከደጁ ከፍ የተደረገ ወለል። ለዓይን የሚሞላ ሥራ አይደለም፤ ዓይን የሚሞላው ጣራ የሚቆመው ግን በእሱ ላይ ነው።

ለመሐንዲሱ የተከፈለውም ብዙ አስነግሯል። ያለ እሱ የማናውቀውን ነገር አሳየን፤ ግድግዳው አናቱ ላይ የሚያስረው የኮንክሪት ቢም ጨርሶ አልነበረውም። ያንን አስገብተናል። ዙሪያው 40 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ኮንክሪቱ 1.6 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 12 ከረጢት ፈጀ። በርዝመቱ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አራት ዘንግ ሄዷል፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀለበት ታስሯል። ወጣቶቻችን 7 ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጥተውታል፤ ኮንክሪት በመጀመሪያው ሳምንት ከደረቀ ኃይሉን አያገኝምና። ካፕሪያታዎቹ የሚታሰሩባቸው 18 ብሎኖች ቢሙ ውስጥ ተተክለው ቆመዋል። አሁን በቅባትና በላስቲክ ተጠቅልለዋል፤ ይህ ግን ለወራት የሚሆን መፍትሔ አይደለም። ብሎኑ ከዛገ፣ ውኃም ከላይ ወደ ግድግዳው ከገባ የሠራነውን መልሰን እንሰብራለን። የምንቸኩለው ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ አለው። መዝገቡ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከጸሎት በኋላ ለማንኛውም ምእመን ክፍት ነው፤ አስቀድሞ ማስታወቅ አያስፈልግም። በ2ኛ ነገሥት 12 ላይ ንጉሥ ኢዮአስ በነገሠ በ23ኛው ዓመት እንኳ የቤተ መቅደሱ ፍራሽ ሳይጠገን እንደ ነበር ተጽፏል። ካህኑ ዮዳሄ በሣጥን ክዳን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ገንዘቡንም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለት ሆነው ቆጠሩት። እኛም የምንከተለው ይህንኑ ነው። ሣጥኑ የሚከፈተው ሦስት ሰዎች ባሉበት ነው፤ ሁለቱ ይቆጥራሉ፣ ሦስተኛው ይጽፋል፣ ሦስቱም ይፈርማሉ፤ ገንዘቡ በማግሥቱ ባንክ ይገባል። በዚያ ዘመን ሠራተኞቹ ታማኞች ስለ ነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። እኛ ግን እንድትጠይቁን እንፈልጋለን፤ ጳውሎስም ለድሆች ስለ ተሰበሰበው ስጦታ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጽፏልና።

«ጸሎት በየቤቱም ይደረጋል፤ አዳራሽ ለምን?» ለሚሉም የምንለው አለን። ጸሎትማ ይደረጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችም በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ነገር ግን በአምስት ቤት ከተከፋፈልን ወዲህ ምን እንደ ጠፋ በደንብ አይተናል።

በአዳራሹ እያንዳንዱ ረድፍ የሚከታተለው አንድ ሰው ነበረው። በረድፉ ያለ ሰው ሁለት እሑድ በተከታታይ ከቀረና ምክንያቱ ካልታወቀ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ ሁለት ሰዎች ቤቱ ይሄዳሉ። አንድ ሰው ብቻውን አይላክም፤ ሦስት ሲሆኑም ምርመራ ይመስላል። ጥየቃው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። የታመመን ሰው ስለ መድኃኒቱ አንመክርም፣ የሌላ በሽተኛ ታሪክ አናወራም፤ «ምን እናድርግልህ?» ከማለት ይልቅ «ነገ ውኃ እናመጣለን፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እንመልሳለን» እንላለን። የተቸገረ ሰው ዝርዝር አውጥቶ መለመን ይከብደዋልና። ስንወጣ በመዝገቡ ላይ የምንጽፈው ቀኑንና ተመልሰን የምንሄድበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ምስጢር አይጻፍም። ይህ አሠራር የሚሠራው ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ሲቀመጥ ነው። አሁን አንዱ ሲጠፋ ይኸኛው ቤት «እዚያኛው ጋ ሄዶ ይሆናል» ይላል፤ ያኛውም እንዲሁ። ሰው በመካከል ይጠፋል።

ሌላም አለ። የተጣሉ ሰዎች በአዳራሹ ባይነጋገሩም ይተያዩ ነበር፤ ሽማግሌዎችም ከጸሎት በኋላ በጥጉ ክፍል ያገናኟቸው ነበር። በየቤቱ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ባላጋራው የማይመጣበትን ቤት ይመርጣል፤ ቂሙም ሳይፈታ ያረጃል። አዲስ ወደ ከተማዋ የመጣ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሰው ደጅ ማንኳኳት ያፍራል፤ የተከፈተ አዳራሽ ግን ዘው ብሎ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል። ደረጃ መውጣት ያቃታቸው አረጋውያን ከቀሩ ቆይተዋል። የልጆቹ ትምህርት በደጅ ነው፤ ደመና በመጣ ቁጥር ይበተናል። ቤታቸውን የከፈቱልን አምስቱ ቤተሰቦችም፣ ምንም እንኳ አንድ ቀን ሳያጉረመርሙ፣ እንደ ደከሙ እናያለን። አዳራሹን የምንፈልገው ለውበቱ አይደለም፤ ከዳር የተቀመጠውን ሰው ማየት እንድንችል ነው።

የቀረው ሥራ ይህ ነው። ካፕሪያታ 9፣ በየ1.5 ሜትሩ አንድ፤ ለእያንዳንዱ 26 ሜትር ያህል በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት። ሞራሌ፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት፣ ባለ 4 ሜትር 50። ቆርቆሮ ባለ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ወጥ 5 ሜትር የሆነ 32፣ ለብልሽት 1። የጎማ ሮንዴላ ያለው የጣራ ሚስማር 1,000። አሸንዳ 26 ሜትር፣ ከአራት መውረጃ ቱቦ ጋር። የጣራው ጫፍ መክደኛ 13 ሜትር። ከዚያ በኋላ ኮርኒስና የመብራት መስመር ይከተላሉ፤ እነሱን ግን ዛሬ አንለምንም፣ ሰው ያለ ኮርኒስ ይሰበሰባል።

ቆርቆሮው አንድ ወጥ 5 ሜትር እንዲሆን የፈለግነው ተዳፋቱ 4.95 ሜትር ስለሆነ ነው፤ በመካከል መጋጠሚያ ከሌለ የሚያፈስበትም ቦታ የለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ መገዛት አለበት፤ የተለያየ ማሽን ያወጣው ቆርቆሮ ሞገዱ አይገጥምም። አሮጌ ቆርቆሮ ልትሰጡን ያሰባችሁ፣ ልባችሁን እናመሰግናለን፤ የቀድሞው የሚስማር ቀዳዳ ስለሚያፈስ ግን ለጣራ አንቀበልም፣ ለአጥር እንወስደዋለን። ሲሚንቶም አታምጡ፤ የቢሙ ሥራ አልቋል፣ ተቀምጦ ይጋገራል።

የእንጨቱ ግዢ ግን ጊዜ አይሰጥም። እርጥብ እንጨት ከተመታ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ተገዝቶ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሥር ለሳምንታት መደርደር አለበት። ስለዚህ የካፕሪያታው ገንዘብ ከቆርቆሮው አስቀድሞ ይፈለጋል። አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ የጸሎት ቡድን የአንድ ካፕሪያታ እንጨት መሸፈን ይችላል፤ ዘጠኝ ቡድን ከተነሣ ይህ ክፍል አለቀ። ያልቻለ የአንድ ሞራሌ ይስጥ፤ ያም ያልቻለ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ እንጨት ይደርድር፣ የተረፈውን ፍራሽ ያውጣ፣ ምስጥ መከላከያ ይቀባ። ቀቢዎች ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከእኛ ይሰጣቸዋል፤ ልጆች በዚያ ሰዓት እንዳይመጡ አደራ።

ትልቅ ቃል ከመግባት በየሳምንቱ ትንሽ መስጠት ይሻላል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን በቤቱ እያስቀረ እንዲያስቀምጥ ያዘዘው ይህንኑ ነው። ቃል ገብታችሁ ያልቻላችሁም አትሸማቀቁ፤ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ አዲስ ወረቀት ሙሉ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ለእኛ የሚከብደን የማይመጣ ገንዘብ ቆጥረን ከአናጢ ጋር መዋዋል ነው።

ስለ ክፍያው በጥንቃቄ አንብቡልን። ገንዘብ የሚገባው በቤተ ክርስቲያኗ ስም በተከፈተው የሕንፃ ሒሳብ ብቻ ነው። በማንኛውም ግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ የለንም፤ የኮሚቴው አባል ቢሆንም። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንድ አኃዝ እንዳይለወጥ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኗ በር ባለው ሰሌዳ ላይና በማኅተም በወጣው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። ስትልኩ በምክንያቱ ቦታ «ጣራ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ከአሥራትና ከሌላው ስጦታ ጋር ይቀላቀላል። የባንኩን ወረቀት ለጸሐፊው አሳዩና የቤተ ክርስቲያኗን ደረሰኝ ውሰዱ። በእጅ የምትሰጡ ደግሞ በሣጥኑ ክተቱ ወይም በቢሮ ለገንዘብ ያዡ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። በመንገድ ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በገበያ ለማንም አትስጡ፤ እኛ ብንጠይቃችሁም እንኳ።

ደግመን እንላለን፦ በቤተ ክርስቲያኗ ስም ያለው የሕንፃ ሒሳብ ብቻ፤ ምክንያቱ «ጣራ»፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት በኋላ ስንት ካፕሪያታ እንደ ተሸፈነ በሰሌዳው ላይ እንጽፋለን። ቅዳሜ ጠዋት ለሥራ የምትመጡም መዶሻና ሚስማር መንቀያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የሕንፃ ኮሚቴው