ክሩ ወደ ጎን እንዴት ይሄዳል ላሉኝ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት

ይድረስ ለተወደዱት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

ባለፈው በስልክ «ጀልባው ወደ ፊት እየሄደ የማጥመጃው ክር እንዴት አድርጎ ወደ ጎን ይሄዳል?» ብለው ጠይቀውኝ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል ወሬው ወደ ከብቱና ወደ ዘመድ ሄደ። ጥያቄው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። እኔና እርስዎ ስለ ዓሣ ካወራን ቆይተናልና ሳላሳጥር ልጻፍልዎት።

የምንሄድበት ሐይቅ ኤሪ ይባላል፤ ከቤቴ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እዚህ ካሉት አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ጥልቀቱ ትንሹ እሱ ነው። እኛ የምናጠምድበት የምዕራቡ ክፍል በአማካይ ሰባት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ከጣና ጥልቀት ብዙም አይለይም። ነፋስ ሲነሣ ባንዴ መቆጣቱም እንደ ጣና ነው። ዓሣው ዎልአይ ይባላል። ፖርት ክሊንተን የምትባለው የሐይቁ ዳር ከተማ ሰው ይህን ዓሣ ከመውደዱ የተነሣ፣ በዘመን መለወጫቸው ሌሊት ትልቅ የዎልአይ ምስል ከላይ እያወረዱ ነው አዲሱን ዓመት የሚቀበሉት።

መጀመሪያ በእጄ የያዝኩት ዕለት ዕውር መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ነጣ ብሎ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ልክ የእርስዎ የግራ ዓይን ሞራው እንደጀመረው ሰሞን። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ከብሌኑ ጀርባ እንደ ድመት ዓይን ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ውሃውም ሲደፈርስ ሌላው ዓሣ ሲደናበር እሱ አጥርቶ ያያል። እንዲህ ያለ ዓሣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሞተር ሲመጣበት ግራና ቀኝ ገለል ይላል። ከጀልባው ኋላ ብቻ መንጠቆ መጎተት ዓሣው በሸሸበት መንገድ መሄድ ነው።

ሳንቃው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፕላነር ቦርድ ይሉታል። ስንዝር ተኩል የምትሆን፣ ከሩቅ እንድትታይ ደማቅ ቢጫ የተቀባች ተንሳፋፊ ሳንቃ ናት፤ ቀጥ ብላ እንድትቆም ከታች ጠርዟ እርሳስ አለባት። ፊቷ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። ድግርን ያስቡት፤ በሬው የሚጎትተው ወደ ፊት ነው፣ ድግሩ ግን አፈሩን ወደ ጎን ይገፋል። እዚህ ደግሞ ውሃው ነው ሰያፉን ፊት እየገፋ ሳንቃዋን ከጀልባው የሚያርቃት። የግራና የቀኝ ተብለው ለየብቻ ተሠርተዋል፤ ካሳሳቷቸው ወደ ጀልባው ይመጡብዎታል።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። ጀልባው በቀስታ እየሄደ፣ በሰዓት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር፣ መጀመሪያ መንጠቆው ብቻውን ከኋላ ሃምሳ ስድሳ ክንድ ይለቀቃል። ክሩ የሚጠቀለልበት ላይ ስንት እንደወጣ የሚቆጥር ቁጥር አለና ልኩን እይዛለሁ፤ ዓሣው ከያዘ ሌላውንም በዚያው ልክ እለቃለሁ። ከዚያ ክሩን በሳንቃዋ ፊት ባለው መቆንጠጫ አስነክሼ፣ ከኋላዋ ባለው ቀለበት አሳልፌ ውሃ ላይ አስቀምጣታለሁ። ክሩን ስለቅላት እሷ ራሷ ትሄዳለች። ሁልጊዜ የሩቋ ትቀድማለች፣ የቅርቧ ትከተላለች። አንድ ቀን አስቀድሜ የቅርቧን ጥዬ ሁለቱ ክሮች ተጠላልፈው ግማሽ ቀን በመፍታት አለፈ።

ክሩም ነገር አለው። የተጎነጎነው ክር ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ ግን ከመቆንጠጫው ይሾልካል። የመጀመሪያውን ትልቅ ዓሣ ያጣሁት በዚያ ነው፤ ሳንቃዋ በክሩ ላይ ተንሸራታ ወደ መንጠቆው ወረደችና አመለጠኝ። አሁን አምስት ኪሎ የሚችል ነጠላ ናይለን እጠቀማለሁ። መቆንጠጫው አጥብቆ ይይዘዋል፤ ትንሽ ስለሚለጠጥም የዓሣው ከንፈር አይቀደድም። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይለን መረብ ወደ ጣና ሲመጣ ክሩን በጥርስዎ ነክሰው እንደሞከሩት ይነግሩን ነበር። እኔም አዲስ ክር ስገዛ እነክሰዋለሁ።

ዓሣ ሲይዝ ቢያዩት! ሳንቃዋ ማዕበሉ ላይ አፍንጫዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስትሄድ ቆይታ፣ ድንገት ገመድ እንደገባበት ወይፈን ወደ ኋላ ትጎተታለች። አናቷ ላይ ያለች ትንሽ ባንዲራም ትወድቃለች። ጀልባው አይቆምም፤ ከቆመ ክሩ ይላላል። ዓሣው ከሌሎቹ ሳንቃዎች ኋላ እስኪሆን ጠብቀን ወደ መሐል እንስበዋለን፤ ሳንቃዋ እጃችን ስትደርስ ትነቀላለች፣ ከዚያ በኋላ እኔና ዓሣው ብቻ ነን። ጀልባው ሲዞር ደግሞ የውስጠኛዋ ትዘገያለች፣ የውጪዋ ትፈጥናለች። ዓሣ የያዘችው የውስጠኛዋ ከሆነች ዛሬ ዝግታ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ሞተሩን እንቀንሳለን።

አንድ ሰው በቀን ከ6 በላይ አይዝም፤ ከ38 ሴንቲ ሜትር ያነሰውም ይመለሳል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970 ሐይቁ በሜርኩሪ ተበክሎ ይህን ዓሣ ለገበያ ማጥመድ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር፤ የዛሬው ብዛቱ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ለመራባት ሞሚ የሚባለውን ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ያንን ሳይ እርስዎ ትዝ ይሉኛል። በክረምት የጣና ዓሣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ሲወጣ «በወንዙ አፍ መረብ አልጥልም» ብለው ከጎረቤት ጋር የተጣሉትን ያኔ ልጅ ነበርኩና አልገባኝም ነበር። ልክ ነበሩ፣ አባባ።

ጥቅምት ላይ እመጣለሁ፤ ሁለቱንም ሳንቃዎች፣ የግራዋንም የቀኟንም፣ ይዤ ነው የምመጣው። በታንኳ ፍጥነት ይሠሩ እንደሆነ አብረን እንሞክራለን። እኔ ስቀዝፍ ሳንቃዋን የሚጠብቅ፣ ባንዲራዋ ስትወድቅ የሚጠራኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ እሱም እርስዎ ነዎት። የሞራው ቀዶ ጥገና ረጅም እንዳልሆነ፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት መመለስ እንደሚቻልም ሐኪሙ ነግሯታል እህቴን። ለባሕር ዳሩ ሕክምና የሚሆነውን ገንዘብ በእሷ ስም ልኬያለሁ። እባክዎ ክረምቱ መንገዱን ሳያበላሸው አብረዋት ይሂዱ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ