ከቫይረሱ የተረፈውን ሁለተኛው በሽታ እንዳይወስድብን፦ ከጎንደር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የጎንደርና የአካባቢዋ ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ስለሆነ ዙሪያውን አንዞርም። አዲስ ማሽን ገዝተን ሪባን ለመቁረጥ አላሰብንም። ዓላማችን ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ካሉ ሕመምተኞች መካከል ቫይረሱን ተከትሎ ሁለተኛ በሽታ ሊይዘው የተቃረበውን አስቀድሞ የሚጠቁም የስሌት መሣሪያ መሥራት ነው። ለዚህ የምንፈልገው የካልቸር (ከሕመምተኛ ናሙና ላይ ባክቴሪያን አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ጠርሙስ፣ የባክቴሪያ ማብቀያ፣ የመድኃኒት መፈተኛ ዲስክ፣ እንዲሁም በእጅ የተጻፈ የሕመምተኛ ቻርት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ፎቶ ተነሥቶ የሚያምር ነገር አይደለም፤ እናውቃለን። ለዚህ ነው ጽሑፉ ትንሽ የሚረዝመው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስታመመ ሰው የምንናገረውን አይቶት ይሆናል። ሕመምተኛው በኢንፍሉዌንዛ ወይም በኮቪድ ሳንባው ተጎድቶ ይገባል። ቱቦ ይገባለታል፣ ቬንቲሌተር ላይ ይሆናል። ጥቂት ቀናት አልፈው የሚሰጠው ኦክስጅን እየቀነሰ ይመጣል፤ በር ላይ ያደረው ቤተሰብ «ተመስገን» ይላል። ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል። በቱቦው ተስቦ (በሰክሽን) የሚወጣው አክታ ይወፍራል፣ ቀለሙ ይለወጣል፤ የቀነሰው ኦክስጅን እንደገና ይጨመራል። አሁን ሰውየውን የያዘው ቫይረሱ አይደለም። ቫይረሱ በከፈተው በር የገባ ባክቴሪያ ነው፤ አንዳንዴም አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ።

በሩ የሚከፈተው በብዙ መንገድ ነው። ቫይረሱ የአየር ቧንቧን እየጠረጉ የሚያጸዱትን ፀጉር መሰል የሴል ጫፎች ያራግፋቸዋል። ቱቦው ሰው እንዳይስል ያደርጋል፤ ከአፍና ከጉሮሮ የሚወርደው ፈሳሽ በቱቦው ዙሪያ እየሾለከ ወደ ሳንባ ይገባል። የኮቪድ ሕመምተኛን ሕይወት እንደሚያተርፍ እ.ኤ.አ. በ2020 የተረጋገጠው ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድም የሰውነትን የመከላከል አቅም ይጫናል። ኢንፍሉዌንዛን ቶሎ ተከትለው የሚመጡት ኒሞኮከስና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰውየው ቬንቲሌተር ላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ ክሌብሴላ፣ አሲኔቶባክተርና ሱዶሞናስ ተራቸውን ይይዛሉ፤ እነዚህ ብዙ መድኃኒት የለመዱ ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ነው። ያ ወረርሽኝ በዓለም ላይ ከፈጃቸው ሰዎች የሚበዙት የሞቱት ቫይረሱን ተከትሎ በመጣ የባክቴሪያ የሳንባ ምች እንደነበረ፣ በየቦታው ተጠብቀው የቆዩ የሳንባ ናሙናዎች ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ተመርምረው ታውቋል። ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ አልነበረም። ዛሬ አለ፤ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጥቷል።

«ታዲያ ገና ሲገባ ለሁሉም አንቲባዮቲክ አይሰጠውም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በኮቪድ ጊዜ ዓለም ያደረገው ይህንኑ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ በኮቪድ ሆስፒታል ከተኙት ሰዎች 75 በመቶ ያህሉ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸዋል፤ በእርግጥ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው የባክቴሪያ በሽታ የነበረባቸው ግን 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በቤተሰብ በኩል ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ሴፍትሪያክሶን የተባለው የተለመደ አንቲባዮቲክ ሳይሠራ ቀርቶ ጠንከር ወዳለው ሜሮፔነም ሲኬድ፣ ወረቀቱን ይዞ በየመድኃኒት ቤቱ የሚዞረው አስታማሚው ነው። ከደምቢያ ወይም ከበለሳ የመጣ ገበሬ ለዚህ የሚሸጠው በሬውን ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ በሁለት ጥፋት መካከል ይቆማል። ከዘገየ ሰው ይሞታል፤ ከቸኮለ መድኃኒቱ ይሞታል። የካልቸር ውጤት እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣው መስፈርት አለ፤ ሁኔታው ቢያንስ ሁለት ቀን ረግቶ የቆየ የቬንቲሌተር ሕመምተኛ፣ የሚሰጠው ኦክስጅን በ20 የመቶኛ ነጥብ ወይም ፒፕ የሚባለው የማሽኑ የአየር ግፊት በ3 ሴንቲሜትር ውኃ ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከቆየ ችግር ተፈጥሯል ይላል። ለቆጠራና ለክትትል ጥሩ ነው። አልጋው አጠገብ ለቆመ ሰው ግን ውኃው ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ ዜና ነው።

እኛ የምንፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ምልክቱ በአብዛኛው ተጽፎ ተቀምጧል። ነርሶች በየሰዓቱ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የኦክስጅን መጠን፣ የቬንቲሌተሩን ቁጥር፣ የአክታውን ብዛትና ዓይነት በክትትል ቅጹ (በፍሎው ሺቱ) ላይ ይሞላሉ። የነጭ የደም ሴል ብዛት፣ የደም ስኳር፣ ሲአርፒ የሚባለው የደም ውስጥ የብግነት ምልክት፣ ቱቦ ከገባ የተቆጠሩት ቀናት፣ የተሰጠው ስቴሮይድ፣ ሁሉም አለ። አንዱን ብቻ ብታዩት ምንም አይናገርም። አንድ ላይ ሆነው በሁለት ቀን ውስጥ ወዴት እንዳዘነበሉ ሲታይ ግን «ይህን ሰው ዛሬ ልብ በሉት» የሚያሰኙ ይሆናሉ። ለዚህ የሚሆን የስሌት ዘዴ ሞልቷል፤ በዚህ በኩል ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ውስጥ ያለ ክፍያ ሊሠሩ ፈቃደኛ የሆኑ አሉ። የምንጀምረውም አንድ ነርስ በወረቀት ልትደምረው በምትችል ቀላል የነጥብ አሰጣጥ ነው። ውስብስቡ ከቀላሉ የማይበልጥ ከሆነ አንደክምበትም።

«ሌላ አገር የተሠራውን ለምን አትወስዱም?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ቀርቦልናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ጤነኛ ሰው ጣት ላይ የሚነበበው የኦክስጅን መጠን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ዝቅ ይላል፤ በዚያ የተቀመረ ስሌት እዚህ ያለውን ደህና ሰው ታማሚ ሊያደርገው ይችላል። ሌላም አለ። ከመተማና ከቋራ በኩል ሰሊጥ ሊያጭዱ ወርደው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ይዟቸው የሚመጡ ወጣቶችን እናውቃለን። ካላዛር የነጭ የደም ሴልን ቁጥር ያወርዳል። «ነጭ የደም ሴል ሲጨምር ባክቴሪያ ጠርጥር» ብሎ የተማረ ኮምፒውተር እነዚህን ልጆች ደህና ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። የሳንባ ነቀርሳውንና ኤችአይቪውን ሳንቆጥር ማለት ነው።

አሁን ገንዘቡ በብዛት የሚሄድበትን እንንገራችሁ፤ ያላመኑን ሰዎች ሁሉ የጠየቁን ይህንን ነው። ኮምፒውተሩ የሚማረው ካለፉ ሕመምተኞች ነው፦ ማን ሁለተኛ በሽታ ያዘው፣ ማን አልያዘውም። ግን ካልቸር የሚታዘዘው ሐኪሙ ሲጠረጥር፣ ዕቃውም ሲኖር ነው። ዕቃው ባለቀበት ሳምንት የገባ ሰው ሳይመረመር ይቀራል፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ «አልተገኘበትም» ከተባለው ጋር ይደባለቃል። በእንዲህ ያለ መዝገብ የተማረ መሣሪያ የሚተነብየው በሽታን አይሆንም፤ ላብራቶሪው መቼ ዕቃ እንደነበረው ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ፕሮግራም መጻፍ፣ በእኛ እምነት፣ የሰው ገንዘብ መቀለጃ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለሁለት ዓመት፣ በመተንፈሻ አካል ቫይረስ ታሞ ቬንቲሌተር ላይ ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ሁሉ፣ ተጠረጠረም አልተጠረጠረም፣ በተወሰኑ ቀናት በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመረመር እንፈልጋለን። ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ ማለት ግን ሁልጊዜ ታመመ ማለት አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አለ። ያንን የሚለዩት የሕመምተኛውን ሁኔታና ራጁን አብረው የሚያዩ ሁለት ሐኪሞች ናቸው። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሐኪም ይጨመራል።

ለማብቀያው የሚያስፈልገው የደም አጋር ከበግ ደም ይዘጋጃል። ይህን የሰሙ አንድ አባት «ገንዘብ የለኝም፣ በግ ግን አለኝ» ብለውናል። እግዜር ይስጥልን፤ በጉ ግን አይታረድም፤ እየተቀለበ፣ በንጽሕና ትንሽ ትንሽ ደም እየተቀዳለት ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። ሐሳቡን ይዘነዋል።

የሕመምተኛ ስም፣ የካርድ ቁጥርና አድራሻ ከመዝገቡ ሳይወጣ ምንም ነገር ወደ ስሌት አይገባም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይሰጥ አንድም ገጽ አይገለበጥም፤ ገንዘቡም ቀድሞ ቢሰበሰብ ፈቃዱ እስኪወጣ በሒሳቡ ይቆያል። መሣሪያው ሲጠናቀቅም ወዲያው ለሐኪም አይሰጥም። ለወራት ያህል ግምቱን ለብቻው እየመዘገበ ይቆይና ከእውነቱ ጋር ይመሳከራል፤ «ከመቶ ሠላሳው ይያዛሉ» ካላቸው ውስጥ በእርግጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጉት መያዛቸው ይታያል። በየሰዓቱ በከንቱ የሚጮኽ ነገር ከሆነ ነርሶቹ በሳምንቱ ያጠፉታል፤ ልክም ናቸው።

ላይሳካ ይችላል? አዎ። ትንበያው የሚፈለገውን ያህል ባይሆን እንኳ በሁለቱ ዓመታት የተመረመሩት ሰዎች ውጤታቸውን አግኝተው ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ይሆናል። በከተማችን የትኛው ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት እንደለመደ የሚያሳይ ሰንጠረዥም ይኖረናል። አልጋን ከራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማድረግ፣ አፍን ማጽዳት፣ እጅ መታጠብ የመሳሰለው ጥንቃቄ ደግሞ ትንበያ ሳይጠብቅ ዛሬም የሚሠራ ነው፤ ለእጅ ማጽጃ አልኮል የሚሆን ትንሽ ገንዘብም በዕቅዱ ውስጥ አለ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ከሦስቱ አንዱ የሆስፒታል ሠራተኛ ያልሆነ የእድር ተወካይ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን ከየእድራችሁ ዳኛ፣ ከየሰበካ ጉባኤውና ከየመስጊዱ ኮሚቴ ታገኛላችሁ። ከእነዚህ ውጭ በስልክ የሚላክላችሁን ማንኛውንም ቁጥር አትመኑ። የላብራቶሪ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ጠቅላላ ድምር ከምንጠራላችሁ ይልቅ፣ በየሩብ ዓመቱ የገባውን፣ የተገዛውንና የቀረውን ከነደረሰኙ በየእድሩ እንለጥፋለን። ከአዘዞ እስከ አዲስ ዓለም፣ ከማራኪ እስከ ቀበሌ 18፣ ወርኃዊ መዋጮ ላይ ትንሽ ብር ለመጨመር የተስማማ እድር ለእኛ አንድ ጊዜ ብዙ ከሚሰጥ ባለሀብት ይሻለናል፤ ካልቸር በየሳምንቱ የሚያልቅ ዕቃ ነውና። ባለሀብት አትስጡ ማለታችን ግን አይደለም።

ሙያ ያላችሁም ተፈላጊ ናችሁ። በእረፍት ቀን ቻርት ማስገባት የሚችሉ የጤና ተማሪዎች፣ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎች፣ የመረጃ ቋት የሚያውቁ ልጆች ኑ። በውጭ ያላችሁ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ንገሩን፤ የትኛው እንደሚያስፈልግና ማቀዝቀዣ የሚፈልገው በጉምሩክ በኩል እንዴት እንደሚያልፍ አብረን እናያለን። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሳምንት የቀረው ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) ግን፣ በነጻም ቢሆን፣ አንቀበልም።