«ስታንድ» ዛር አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ የጎንደር ወጣቶች ስለሚያነቡት ማንጋ ስለተባለው የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ የወጣውን አስተያየት ተመልክቻለሁ። ጸሐፊው ደምና ጭካኔ የበዛበት ታሪክ ለሕፃናት እንደማይገባ መናገራቸው የሚያስማማ ነው፤ «ጆጆ» በተባለው ማንጋ ውስጥ ከሰው አጠገብ የሚቆመውን «ስታንድ» የተባለ ኃይል ከዛር ጋር አንድ ማድረጋቸው ግን ስሕተት ነው።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር ተቀምጦ ያጠናው ዛር፣ ከውጭ መጥቶ በሰው ላይ የሚሰፍርና ሰውዬውን እንደ ፈረስ የሚጋልብ መንፈስ ነው። የ«ጆጆ» ደራሲ ሂሮሂኮ አራኪ በ1987 እ.ኤ.አ. በጀመረው በዚሁ ታሪክ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያመጣው ስታንድ ግን የባለቤቱ የገዛ መንፈስና የመታገል ፈቃድ አካል ገዝቶ የሚታይበት ነው። (ለማይታየው መንፈስ ፊትና ክንፍ መስጠት የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እያየ ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይመስለኝም።) ስታንድን ማየት የሚችለው የራሱ ስታንድ ያለው ሰው ብቻ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከባለቤቱ በራቀ መጠን ጉልበቱ ይደክማል፤ ስታንዱ ሲቆስልም ባለቤቱ አብሮ ይቆስላል። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ «ዛሩ ነው እንጂ እኔ አላደረግሁትም» ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

እንዲያውም የዚህ ሦስተኛ ክፍል ዋና ገጸ ባሕርይ ጆታሮ ራሱ መጀመሪያ ላይ ልክ እንደ ጸሐፊው ነበር ያሰበው። ክፉ መንፈስ እንደተጠናወተው አምኖ፣ በሰው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ከእስር ቤት አልወጣም ይላል፤ አያቱ ከአንድ ግብፃዊ ወዳጃቸው ጋር መጥተው ኃይሉ የራሱ መሆኑን የሚያስረዱትም እዚያው ነው። ታሪኩን እስከዚህ ምዕራፍ ድረስ እንኳ ያነበበ ሰው የዛርን ነገር የሚያነሣ አይመስለኝም።

ጸሐፊው መንቀፍ ከፈለጉ የጆታሮን እናት ጉዳይ ቢያነሡ ይሻል ነበር። ሆሊ የዋህና ሰላም ወዳድ በመሆኗ ስታንዷን የምትገዛበት የመታገል ፈቃድ አጥታ፣ የገዛ ኃይሏ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ይሆንባታል፤ ልጇም እስከ ካይሮ የሚጓዘው እርሷን ለማዳን ነው። ይህ ደግነትን ከድካም የሚቆጥር አስተሳሰብ ስለሆነ እኔም አልወደድኩትም። በአራተኛው ክፍል የሌላውን ሰው ቁስል የሚጠግን፣ የባለቤቱን ግን መፈወስ የማይችል ስታንድ መምጣቱ ጉድለቱን በጥቂቱ ያካክሰዋል እንጂ የሆሊን ነገር አይመልስም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር